የእናቴ ክፍል ግድግዳ

ሲያትል ከተማ፣ ሬኒየር ቢች ሰፈር የነበረን ቤት ከጣውላ የተሠራ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ ዕድሜው ከእናቴ ዕድሜ የሚበልጥ አሮጌ ቤት ነበር። እኔና ታናሽ ወንድሜ በጋራ ነው የገዛነው። ሰፈሩ ያኔ እንዳሁኑ አልተወደደም፤ ባቡር ጣቢያው ቅርብ ነው፣ ሐበሻ ሱቅም በእግር ይደረሳል። ወንድሜ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ፎቁ ላይ ይኖራል፣ እኔ ታች። እናታችን ከአዲስ አበባ ስትመጣ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ አይሆናትም አልንና ከእኔ ጋር ታች፣ በሰሜን በኩል ያለውን ክፍል ሰጠናት። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ የጎረቤቱ የቼሪ ዛፍ ፊት ለፊት ይታያል። የመጣችው በሰኔ ስለነበር ማናችንም ስለ ብርድ አላሰብንም።

ኅዳር ሲገባ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። የሲያትል ብርድ በረዶ ቆልሎ የሚያስፈራራ አይደለም። ከዝናቡ ጋር ቀስ ብሎ ይገባና ልብስ ውስጥ ይቀመጣል፤ አልጋው ይረጥባል፣ ፎጣ አይደርቅም፣ የጨው ዕቃ ውስጥ ጨው ይጋገራል። እናቴ ብርድ አታውቅም ማለት አይቻልም። "ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት" አለችኝ አንድ ቀን፣ እጇን ብብቷ ሥር ሸጉጣ። "ብርድ አውቃለሁ። ይኼ ብርድ አይደለም፣ ውኃ ነው።"

ጋቢዋን ትደርባለች፣ በጋቢው ላይ የእኔን ወፍራም ጃኬት ትደርባለች። ጠዋት ለሥራ ስነሳ ኩሽና ውስጥ የኦቨኑን በር ከፍታ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ መጽሐፍ ቅዱሷን ስታነብ አገኛታለሁ። ወንድሜ አንድ ጊዜ አይቷት ተቆጣ። "እማዬ፣ ይሄ እኮ ቤት ያቃጥላል" አለ። ልክ ነበር፤ ቤት ያቃጥላል። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሂተር ገዛሁላት። እሷ ሂተሩን ለኩሳ እኔ ማይክሮዌቩን ካስነሳሁ ብሬከሩ ይወርድና ላይም ታችም መብራት ይጠፋል። ከላይ የወንድሜ ትልቁ ልጅ ጌሙ መሃል ላይ ተቋርጦበት በእንግሊዝኛ ይጮኻል። የወንድሜ ሚስት ደረጃው ጫፍ ላይ መጥታ "እባካችሁ አንዱን አጥፉት" ትላለች፤ ክፉ ሰው ሆና አይደለም፣ ላይ ብርድ ስለሌለ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ጣሪያውን ከውስጥ ሙቀት በሚይዝ ነገር አሸፍነውት ነበር፣ ሙቀቱም ወደ ላይ ነው የሚሄደው። እነሱ በቲሸርት ይውላሉ። እናቴ መብራቱ ለሁለተኛ ጊዜ ከጠፋ በኋላ ሂተሩን አልነካችም።

ጥር ላይ ከአልጋዋ ራስጌ በስተኋላ ያለው ግድግዳ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። በኮምጣጤ አጠብነው፣ ተመልሶ መጣ። ቁም ሳጥን ውስጥ የሰቀለችው የክት ቀሚሷ የምድር ቤት ሽታ ያዘው። ያን ቀሚስ ለብሳ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መኪና ውስጥ ቀስ ብላ ክንዷን ታሸታለች። እንዳላየሁ ሆኜ ወደ መስኮት እዞራለሁ።

እኔ የምሠራው ካፒቶል ሂል፣ አንድ ሬስቶራንት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አብራኝ ሽንኩርት የምትከትፍ አንዲት የአስመራ ሴት ነበረች፤ ስለ እናቴ ክፍል ስነግራት ቢላዋውን ሳታቆም "ግድግዳችሁ ባዶ ይሆናላ" አለችኝ። "የእኛም ባዶ ነበረ።"

"ባዶ ማለት?"

"በውጭ በኩል ጣውላ፣ በውስጥ በኩል ልስን። መሃሉ አየር ነው። ድሮ እንዲህ ነበር የሚሠሩት። ኢንሱሌሽን ታስገቢያለሽ፤ ከውጭ ይበሱና የተፈጨ ወረቀት በቱቦ ይነፉበታል። ከዚያ በቃ፣ ቤት ይሆናል።"

ወረቀት የሚለው ቃል አላሳመነኝም። ዘጠኝ ወር በሚዘንብበት አገር ግድግዳ ውስጥ ወረቀት ሞልተን፣ ውኃ ቢገባበትስ? ቢበሰብስስ? ጥርጣሬዬን ስታይ ከሥራ ስንወጣ ቤቷ ይዛኝ ሄደች። እንደኛው አሮጌ ቤት ነው። ሳሎኗ ውስጥ የውጭውን ግድግዳ በመዳፌ ነካሁት። ሞቃት አልነበረም፤ ዝም ያለ ነበር፣ እንደ ማንኛውም የቤት ግድግዳ። የእኛን ግድግዳ ስትነኪው የእጅሽን ሙቀት የሚስብ ነገር አለ። ውጭ ወጥተን የተበሳባቸውን ቦታዎች ፈለግኩ፤ ቀለም ተቀብተው አልታይ አሉኝ። ከስንት ዓመት በፊት እንዳስገባች፣ እርጥበት አይታ እንደሆነ፣ አይጥ ገብቶባት እንደሆነ ጠየቅኳት። ታግሣ መለሰችልኝ። ከዚያ ቤት ስወጣ ልቤ ወስኖ ነበር።

ኢንሱሌሽን የሚያስገባ ኩባንያ ጠራሁ። ሠራተኛዋ ቅዳሜ ጠዋት መጣች፤ ወጣት፣ ቀይ ፀጉሯን በኮፍያ የያዘች ፈረንጅ። የሙቀት መጠን በቀለም የሚያሳይ ካሜራ ይዛለች። የእናቴ ክፍል ገብታ ወደ ግድግዳው ስታዞረው ስክሪኑ ላይ ግድግዳው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፣ ቀጥ ቀጥ ያሉ ሐመር መስመሮች ብቻ አሉበት። መስመሮቹ ምሰሶዎቹ ናቸው አለችን፤ በመሃላቸው ምንም የለም። የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ክዳን ፈትታ በጎኑ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ሰደደች፤ ዘንጉ ምንም ሳይነካ ገባ። እናቴ ጎንበስ ብላ እጇን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች። "ለካ ነፋሱ ከዚህ ነው" አለች። ልጅቱ ካሜራውን ወደ እናቴ አዞረችው። እናቴ ስክሪኑ ላይ ቢጫና ቀይ ሆና ቆማለች።

"ይቺ ቢጫዋ እኔ ነኝ?"

"አዎ እማዬ።"

"ተመስገን። ገና አለሁ ማለት ነው።"

ሦስታችንም ሳቅን። ልጅቱ ቋንቋውን ባትሰማም ሳቀች። የእኛ ግድግዳ ጥሩ ግድግዳ ነው አለች፤ ሰፊና ባዶ ስለሆነ ለመሙላት አያስቸግርም፣ የውስጡን ልስን መንካት አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ ቤቱ አሮጌ ስለሆነ በግድግዳው ውስጥ የዱሮ ሽቦ ካለ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሰው ማየት አለበት። የዱሮ ሽቦ ከተሸፈነ ይግላል። እናቴ ስተረጉምላት አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች። ልጅቱ ስትሄድ እስከ በሩ ሸኘቻት፣ ብርቱካን በእጇ አስያዘቻት። "መቼ ይጀምራሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ደስ ብሏት ነበር። ይሄን የማነሳው በኋላ የሆነውን ለመናገር ነው።

ወንድሜ አውሮፕላን የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። እሁድ ማታ ራት ላይ ነገርኩት። ሥጋውን እየቆረጠ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ኦኬ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው" አለ። "ግን ሽቦው ነው ችግሩ። ሽቦው ቼክ ሳይደረግ አይሆንም።"

"ሰው እንጥራ ነው የምልህ።"

"ለምን ሰው እንጠራለን? የእኔ ሥራ እኮ ነው። ጣሪያ ሥር ወጥቼ አየዋለሁ።"

"መቼ?"

"በዚህ ሳምንት። በሚቀጥለው። ሺፍቴን አይቼ።"

በዚያ ሳምንት አላየውም፣ በሚቀጥለውም። እጠይቀዋለሁ፤ ደክሞታል። እጠይቀዋለሁ፤ መሰላሉን ለጓደኛው አውሶታል። መሰላሉን ከጓደኛው መልሶ አመጣ፤ ጋራዥ ውስጥ ተጋደመ። የካቲት አለቀ። አንድ ቀን አጥብቄ ስይዘው ሌላ ነገር አመጣ።

"ሶ፣ ወረቀቱ ቢረጥብስ? አስበሽዋል? እዚህ አገር እኮ ነው ያለነው። ግድግዳው በሙሉ ይበሰብሳል።"

"አስቤዋለሁ። ያስገቡ ሰዎች ቤት ሄጄ አይቻለሁ።"

"የሰው ቤትና የእኛ ቤት አንድ አይደለም።"

"ምኑ ነው የሚለየው?"

"በቃ፣ እኔ አየዋለሁ አልኩሽ አይደል?"

ያን ጊዜ ስንፍና መሰለኝ። ወንድሜን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ ለነገ የሚለው ነገር ለከርሞ ነው። ስለዚህ ራሴ ለአንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኮል አደረግኩና ለቅዳሜ ቀጠርኩት። ቅዳሜ ሳላስበው ሥራ ተጠራሁ። እናቴን "ሰው ይመጣል፣ በሩን ክፈችለት፤ ቋንቋ አያስፈልገውም፣ ሥራውን ያውቀዋል" ብዬ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ጋራዡ እንደተዘጋ ነው፣ መሰላሉም እንደተጋደመ።

"ሰውየው አልመጣም?"

"መጥቶ ነበር" አለች እናቴ። "ወንድምሽ በር ላይ አነጋገረውና ሄደ።"

"ምን አለው?"

"እኔ ምን አውቄ? በእንግሊዝኛ ነው።"

ላይ ወጥቼ ወንድሜን ጠየቅኩት። ሰውየው የጠራው ዋጋ የማይሆን ነው፣ እኔ እያለሁ ምን አስቸኮለሽ አለኝ። ሚስቱ ሳህን እያጠበች ነበር፤ ዞር አላለችም። ትዝ ሲለኝ ውኃው እየፈሰሰ ሳህን ያልያዘ እጇን ነበር ስታጥብ የቆየችው።

እናቴም በዚያው ሰሞን ተለወጠች። ስለ ግድግዳው ሳነሳ "ተዪው ልጄ" ማለት ጀመረች። "አልበረደኝም እኮ።" እጇን ስይዘው እንደ ቧንቧ ውኃ ነው። "ክረምቱም ያልፋል። አንቺ ራስሽን አታድክሚ።" እኔ ይሄን እንደ ይሉኝታ ነበር የወሰድኩት። እናቶቻችን እንዲህ አይደሉ፤ ለራሳቸው የሚጠይቁት ነገር ነውር ይመስላቸዋል። እሷ ተዪው ባለች ቁጥር እኔ ይበልጥ እልህ ያዘኝ። ሌላ የኤሌክትሪክ ሰው ፈለግኩ። በሥራ ዕረፍቴ ላይ ወጥ ቤቱ ጓሮ ቆሜ ስልክ እደውላለሁ፤ ስለ ሽቦ፣ ስለ እርጥበት፣ ከውጭ የሚነሳው ጣውላ ቢሰበር ተመሳሳዩ ይገኝ እንደሆነ እጠይቃለሁ። የማላውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ በዚያ ክረምት ተማርኩ።

ሚያዝያ ላይ፣ የጎረቤቱ ቼሪ አብቦ ሳለ፣ የጠዋት ሥራዬን ጨርሼ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስደርስ በጓሯችን በኩል አንድ ሰው ቆሟል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው ሣሩ ላይ የሚጠነቀቅ ሰው ነው። በእጁ ታብሌት ይዞ አንዴ ቤቱን፣ አንዴ አጥሩን ያያል። ወንድሜ በመጨረሻ ሰው ላከ ብዬ አሰብኩ። ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

"ለግድግዳው ነው የመጣኸው?" አልኩት።

"ለየትኛው ግድግዳ?"

"ለዚህ" አልኩና የእናቴን ክፍል በጣቴ አሳየሁት። "በዚህ በኩል ነው የሚበርደው።"

ፈገግ አለ፤ ጨዋ ሰው ነበር። "ኧረ እኛ ስለ ግድግዳው ግድ የለንም፣ እመቤት" አለኝ። "ቤቱ ይፈርሳል። እኔ መሬቱን ነው የማየው። አራት ቤት ይወጣዋል፣ ምናልባትም አምስት።" ከዚያ ፊቴን አየና ፈገግታው ቆመ። "ወንድምሽ ሁላችሁም ታውቃላችሁ ብሎኝ ነበር።"

የመለስኩለትን አላስታውስም። ደህና ዋል ያልኩት ይመስለኛል።

እናቴ ኩሽና ውስጥ፣ ጃኬቴን እንደደረበች፣ ምስር እየለቀመች ነበር። በመስኮቱ አይታን ኖሯል፤ ገና ስገባ ጣቶቿ ምስሩ ላይ ቆመዋል።

"ውጭ ያለው ሰውዬ ማነው?"

ከምስሩ አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለች።

"እማዬ፣ ታውቂያለሽ?"

"ወንድምሽ ይንገርሽ።"

"አንቺን ነው የጠየቅኩሽ።"

ምስሩን ወደ አንድ ጎን ሰበሰበችው። "አደራ ብሎኝ ነው" አለች። "እስኪያልቅለት ድረስ አትንገሪያት፣ አደራ አለኝ። ልጅ አደራ ሲል እናት ምን ታደርጋለች?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ያቺ ባለካሜራዋ ልጅ መጥታ ከሄደች በኋላ። በሳምንቱ መሰለኝ።"

እኔ ጓሮ ቆሜ ስደውል ታውቅ ነበር። ወንድሜ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን በር ላይ ሲመልሰው ታውቅ ነበር። ከሥራ ገብቼ ዛሬ እንዲህ አሉኝ፣ ነገ እንዲህ አደርጋለሁ እያልኩ ስነግራት፣ እግሬን ሞቅ ባለ ውኃ እያጠበችልኝ ሰምታኛለች።

"ታዲያ እየበረደሽ ዝም ትይ ነበር?"

"እኔ ነኝ የበረደኝ፣ አንቺ አይደለሽም" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ድምፅዋ ሲጠነክር የሰማሁት። "ደግሞ ተዪው ብዬሻለሁ። ስንት ጊዜ ተዪው አልኩሽ? አንቺ አትሰሚም።"

"ምክንያቱን አልነገርሽኝማ።"

"ወንድምሽ ነው። ልጆች አሉት።"

እኔ ልጅ የለኝም። ይሄን መጨመር አላስፈለጋትም። ጃኬቴ እሷ ላይ ስለነበር በሸሚዝ ወጣሁና ሐይቁ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ዝናቡ ያካፋ ነበር።

ወንድሜ ከሥራ ሲገባ ጋራዡ በር ላይ ጠበቅኩት። እንዳወቅኩ ገብቶታል፤ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሳይወርድ ትንሽ ቆየ።

"ልነግርሽ ነበር" አለ።

"መቼ?"

"ዋጋው ሲያልቅ። ቀድሜ ብነግርሽ እሺ ትይኝ ነበር? አትይም። ታውቂዋለሽ ራስሽን።"

"ላይሆን ይችላል። ግን ቤቱ እኮ የእኔም ቤት ነው።"

"ለዚህ ነው ፊርማሽን የምፈልገው" አለ። ይሄን ሲል ክፋት አልነበረበትም። እውነቱን ነው፣ የኔ ፊርማ ባያስፈልግ ኖሮ ያን ቀንም ባልነገረኝ ነበር። "ስሚኝ፣ ልጆቹ አድገዋል። ትምህርት ቤቱን ታውቂዋለሽ። እንዲህ ያለ ዋጋ ሁለተኛ አይመጣም። አንቺም ድርሻሽን ይዘሽ የፈለግሽውን ታደርጊያለሽ።"

"የግድግዳውን ነገር ግን... ሽቦ እያልክ፣ መሰላል እያልክ..."

"ሶ ምን ልበልሽ? ነገ በማሽን የሚፈርስ ግድግዳ ውስጥ ዛሬ ወረቀት ይሞላል?"

"ለዚህ ክረምት እንኳ ይሞቃት ነበር።"

"አንድ ክረምት ነው" አለ። "አለፈ እኮ።"

አለፈ እኮ። በሒሳብ ካየነው አልተሳሳተም፣ ያን ያህል እኔም ይገባኛል። ለሚፈርስ ቤት ማንም ብር አያወጣም። ግን በሒሳቡ ውስጥ ሌላውን ሁሉ ሲያስገባ የእናታችንን አንድ ክረምት አላስገባውም፤ ወይ አስገብቶት ትንሽ ሆኖ አግኝቶታል። ትንሽ መሆኑን ራሷም ተስማማችበት። አልስማማም ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔን ደግሞ የጠየቀኝ የለም።

ለጥቂት ሳምንታት አልፈርምም አልኩ። ለብቻዬ ቤቱን ልይዘው እንደማልችል ሁላችንም እናውቅ ነበር። እናቴ መብላት ተወች። ጾም ነው አለች፤ ለጸሎት ነው። ለምን እንደምትጸልይ ለአምላኳ ጮክ ብላ ትነግረው ስለነበር በግድግዳ በኩል እሰማት ነበር፤ "የልጆቼን ፍቅር መልስልኝ" ትላለች፣ "የልጄን ልብ አራራልኝ" ትላለች። ልቡ እንዲራራ የሚጸለይለት የኔው ነበር። በግንቦት መጨረሻ ፈረምኩ። ከሽያጩ ድርሻዬን አንድ ሳይጎድል ሰጥቶኛል፤ በዚህ ወንድሜን አላማውም። ሰዎች ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይሄን ነው፣ ድርሻሽን ሰጠሽ ወይ ብለው። ሰጠኝ ስላቸው ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የሚል ፊት ያሳዩኛል።

ወንድሜ ከከተማው በስተደቡብ፣ መኪና ከሌለ የማይደረስበት ሰፈር፣ አዲስ ቤት ገዛ። ለእናቴ ምድር ላይ የራሷ መታጠቢያ ቤት ያለው ክፍል አዘጋጀላት። ለሥራ እንዲመቸኝ ብዬ እኔ ሌክ ሲቲ አፓርትመንት ተከራየሁ፤ እሷም ከእኔ ጋር ትመጣለች ብዬ ባለ ሁለት መኝታ ነው የፈለግኩት። ዕቃ በምንጭንበት ቀን ሻንጣዋ ወንድሜ መኪና ላይ ነበር። ማን እንደጫነው አልጠየቅኩም። "እዚያ ሜዳ ነው፣ ደረጃ የለውም" አለችኝ። "አንቺ ጋ ሁለተኛ ፎቅ ነው አሉኝ።" ሊፍት እንዳለው ልነግራት ነበር፤ ተውኩት።

እሁድ እሁድ እሄዳለሁ። የወንድሜ ቤት ጥሩ ቤት ነው፤ በቀዝቃዛ ቀን እንኳ በባዶ እግር ይኬድበታል። እናቴ ጃኬት አትለብስም። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ እነሱ ሥራ። ልጆቹ ሲመለሱ በአማርኛ ትጠይቃቸዋለች፣ በእንግሊዝኛ መልሰውላት ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። አንድ እሁድ ምሳ ላይ ትልቁ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። አሮጌው ቤት ሲፈርስ ከአባቱ ጋር ሄዶ ቀርጾታል። ቢጫው ማሽን ጥርሱን ጣሪያው ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ እንደ ካርቶን ተገንጥሎ ይወድቃል። ልጁ በደስታ "ዋች፣ ዋች፣ ይሄ የአያቴ ሩም ነው" ይላል። ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሶ ደግሞ አሳየን። እናቴ ስልኩን በእጇ ይዛ መነጽሯን አስተካክላ ተመለከተች። "አቧራው" አለች፤ መልሳ ሰጠችው። ወንድሜ ሥጋ ጨመረልኝ።

ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ መሄድ ተውኩ። እናቴ ትደውላለች፤ ሥራ በዛብኝ እላታለሁ። በቤተ ክርስቲያን ወሬው ተሰማ፤ እህትና ወንድም በቤት ምክንያት ተጣሉ ተባለ። በቀጣዩ ዓመት በጋ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው አዛውንት፣ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ እናትሽ እያለቀሰች ነው። ቅዳሜ እወስድሻለሁ፣ እምቢ እንዳትዪኝ" አሉ። እምቢ አልተባሉም።

የወንድሜ ሳሎን ውስጥ ተቀመጥን፤ እሳቸው መሃል፣ እናቴ በቀኛቸው፣ እኔና ወንድሜ ፊት ለፊት። ሚስቱ ሻይ አቅርባ ወደ ኩሽና ሄደች። ጸለዩ። ከዚያ በቅድሚያ እኔ እንድናገር ጠየቁኝ።

"አባባ፣ እኔን ያስከፋኝ የቤቱ መሸጥ አይደለም" አልኳቸው። "እናቴን ክረምቱን ሙሉ ሲበርዳት፣ እኔ ላሞቃት ስሯሯጥ፣ ሁሉም እያወቁ ዝም አሉኝ። የተሰማኝ ይሄ ነው።"

ወንድሜን አዩት። ጉልበቱ ላይ እጁን አደራርቦ "ካስቀየምኩሽ ይቅርታ" አለ።

ካስቀየምኩሽ። ለሽማግሌው "ካ" የምትለዋን ፊደል እንዲያወጣት ንገሩልኝ ልላቸው አሰብኩ። እናቴ ግን ያን ጊዜ አይኗን ጨፍና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ይመታል። ሽማግሌውም በጣም ደክሟቸው ነበር፤ ከሩቅ ነበር ነድተው የመጡት።

"አንቺስ ልጄ?" አሉኝ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩ።

"ተመስገን። ተነሱ፣ ተሳሳሙ።"

ተሳሳምን። እናቴ ሁለታችንንም አንድ ላይ አቅፋ አለቀሰች፤ ደስ አላት፣ ከልቧ ነበር። ስለ ራሷ፣ ስለ ዝምታዋ፣ ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አላነሳችም። ለእሷ ተጣልተው የነበሩት ሁለት ልጆቿ ናቸው፣ አሁን ታርቀዋል፣ አለቀ። ምሳ ቀረበ። ሽማግሌው ስለ ዱሮ የወጣቶች መዘምራን አጫወቱን፤ ሳቅን። በላሁ። እናቴ ከራሷ ሳህን አንስታ አጎረሰችኝ፣ እኔም አጎረስኳት።

ሽማግሌው ቀድመው ስለሄዱ ባቡር ጣቢያ ያደረሰኝ ወንድሜ ነው። ገና ፀሐይ ነበር፤ በዚያ ወር ቶሎ አይመሽም። መብራት ላይ ስንቆም መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"እማዬ ደስ አላት" አለ።

"አዎ።"

"ክብደትም ጨምራለች፣ አይተሻታል?"

"አይቻለሁ።"

ጣቢያው ፊት ሲያቆም እጄን በሩ ላይ አደረግኩ።

"እሁድ ትመጫለሽ አይደል?"

"ሥራ ከሌለኝ" አልኩት።

እሁድ ሥራ እንደማልገባ ያውቃል። ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ አደረገ። ወርጄ በሩን ዘጋሁት።